ርካሹ ኮንሶል የሚያዋጣው መቼ ነው?

አንድን የጌም ኮንሶል በሁለት ዓይነት ሠርቶ መሸጥ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ሙሉው ነው። ሌላው ስሙም የሚያጫውተው ጌምም ከሙሉው ጋር አንድ ሆኖ፣ ጥቂት ነገር ተቀንሶለት በረከሰ ዋጋ የሚቀርበው ነው። ለልጁ ስጦታ የሚፈልግ ወላጅ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ የሚገዛ ወጣት፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለወንድሙ ልጅ ይዞ ሊመጣ ያሰበ አጎት፣ ሁሉም ሱቅ ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በርካሹ ላይ ነው። ሃምሳ ወይም መቶ ዶላር ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ በዚህ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም።

ጥያቄው ርካሹ ከተገዛ በኋላም ርካሽ ሆኖ ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት ገበያ ላይ የዋሉትን እነዚህን ቀለል ያሉ ኮንሶሎች አንድ በአንድ ያየ ሰው መልሱ ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ ይረዳል። አንዳንዶቹ ከሙሉው ይልቅ ለገዢው የተመቹ ነበሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ ገዢው መደርደሪያው ፊት ቆሞ ያተረፈውን ገንዘብ ዓመት ሳይሞላ አስከፍለውታል። እነዚህን ከእነዚያ ለመለየት ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ የተቀነሰው ነገር ምንድን ነው? በኋላ ቢፈለግ ከማን ይገዛል? የተቀነሰውስ በኮንሶሉ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ? ከዚህ በታች የማነሳቸውን ሁሉ የምመዝነው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩባንያዎቹ ለምን ይቀንሳሉ?

ኮንሶል እንደ ቴሌቪዥን ወይም እንደ ፍሪጅ በራሱ ትርፍ እንዲያስገኝ ታስቦ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ በወጪው ልክ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣል። በ2022 የማይክሮሶፍት የጌም ክፍል ኃላፊ የነበረው ፊል ስፔንሰር ኩባንያው በእያንዳንዱ ኤክስቦክስ ላይ ከ100 እስከ 200 ዶላር እንደሚደጉም በግልጽ ተናግሯል። ያ ገንዘብ የሚመለሰው ገዢው በኋላ ከሚገዛቸው ጌሞች፣ ጆይስቲኮች፣ ተጨማሪ ሚሞሪዎችና ወርሃዊ ክፍያዎች ነው።

ይህን ካወቅን የርካሹ ኮንሶል ጉዳይ ይገለጥልናል። አምራቹ ዋጋ ሲቀንስ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወጪን መቀነስ ነው፦ ማጠፊያውን፣ ማብለጭለጫውን፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን ሶኬት ማውጣት። ሁለተኛው በኋላ የሚመጣውን ገቢ የሚጨምርለትን ነገር ማውጣት ነው። ገዢው በኋላ ሊገዛው የሚገደድበትን ዕቃ፣ ወይም ከሌላ ሱቅ እንዲገዛ የሚያስችለውን በር ያነሳል። ሁለቱም ሳጥኑ ላይ "ቅናሽ" ተብለው ነው የሚጻፉት። ለገዢው ግን የመጀመሪያው እውነተኛ ቅናሽ ሲሆን ሁለተኛው ዱቤ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የተቀነሱት

የዱቤውን ዓይነት በግልጽ የሚያሳየው ኤክስቦክስ 360 ነው። በኅዳር 2005 ሲወጣ በሁለት ዋጋ ቀረበ። ሙሉው 399.99 ዶላር ነበር፤ 20 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ገመድ የሌለው ጆይስቲክና የጆሮ ማዳመጫ ነበረው። "ኮር" የተባለው ርካሹ 299.99 ዶላር ሆኖ ሃርድ ዲስክ የለውም፤ ጆይስቲኩም ባለ ገመድ ነው።

ኮሩን የገዛ ሰው ቤቱ ወስዶ የመጀመሪያውን ጌም ሲጀምር የደረሰበትን ቦታ የሚያስቀምጥበት አልነበረውም። ለዚያ 64 ሜጋባይት የምትይዝ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ለብቻዋ 39.99 ዶላር ይገዛል። የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ ጌሞች በአዲሱ ላይ ለመጫወት ሃርድ ዲስክ ግዴታ ስለነበር ያ በር ተዘግቶበታል። "ፋይናል ፋንታሲ 11" የተባለውም ጌም ያለ ሃርድ ዲስክ አይሠራም ነበር። በመጨረሻ ተሸንፎ ሃርድ ዲስኩን ለብቻው ሲገዛ ዋጋው 99.99 ዶላር ነው። ሲደመር 399.98 ዶላር ይሆናል። አንድ ሳንቲም አተረፈ፤ ገመድ የሌለውን ጆይስቲክና ማዳመጫውን ግን አጣ። መካከል ላይ ሚሞሪ ካርዷን ገዝቶ ከነበረ ደግሞ ከሙሉው በላይ ከፍሏል። ማይክሮሶፍት በ2007 ኮሩን አንስቶ "አርኬድ" በተባለው ሲተካው ሚሞሪና ገመድ የሌለው ጆይስቲክ አብሮ መስጠቱ ጉድለቱ የት እንደነበረ ይመሰክራል።

ከዓመት በኋላ በ2006 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። ባለ 60 ጊጋባይቱ 599 ዶላር፣ ባለ 20ው 499 ዶላር። ከርካሹ ላይ ዋይፋይና የካሜራ ካርድ ማንበቢያው ወጥተዋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ነበረ፦ ሃርድ ዲስኩ ከማንኛውም ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ጋር የሚለዋወጥ ተራ ዕቃ ነው። 20 ጊጋባይቱ ያነሰበት ሰው ከየትኛውም የኮምፒውተር ሱቅ ትልቁን ገዝቶ፣ ብሎኑን ፈትቶ፣ ራሱ ይገጥመዋል። ለኢንተርኔትም የገመዱ ሶኬት አለ። የተቀነሰው ተመሳሳይ ሊመስል ይችላል፤ በአንዱ ግን ማሟያው የሚገኘው ከአምራቹ ብቻ ሲሆን በሌላው ከገበያው ነው። የሚያሳዝነው ገዢው ይህን አላየለትም፤ ሶኒ ባለ 20 ጊጋባይቱን በሰሜን አሜሪካ በጥቂት ወራት ውስጥ አቆመው።

የእነዚህ የሁለቱ የጋራ ችግር የወጡበት ጊዜ ነው። ኮንሶል ገና ሲወለድ በሚቀጥሉት ስድስት ሰባት ዓመታት የሚወጡት ጌሞች ምን እንደሚጠይቁ ገዢው ሊያውቅ አይችልም። ዛሬ ትርፍ የሚመስለው ነገ ግዴታ ይሆናል።

በመጨረሻው ዘመን የተቀነሱት

የኮንሶሉ ዕድሜ ሲገባደድ የሚወጡት ቀለል ያሉ ዕቃዎች ሌላ ታሪክ አላቸው። ጌሞቹ ወጥተው አልቀዋል፤ የትኛው ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ያገለገሉ ሲዲዎችና ካሴቶችም በየቦታው በርካሽ ሞልተዋል። ኔንቴንዶ በ1993 የመጀመሪያውን ባለ ካሴት ኮንሶሉን በ49.99 ዶላር እንደገና ሲያወጣ የምስል ሶኬቶቹን ወደ ተራው የአንቴና ገመድ አወረዳቸው፤ በምትኩ ግን አሮጌውን ሞዴል ያስቸግር የነበረውን የካሴት ማስገቢያ አስተካከለው። ቀንሶ ማሻሻልም እንዳለ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከሁሉም ግን ቀንሶ መሥራት የተሳካለት፣ የኮንሶሉ ዕድሜ ገና ባይገባደድም፣ በጥቅምት 2013 በ129.99 ዶላር የወጣው ኔንቴንዶ 2ዲኤስ ነው። የተሠራው ያለ መነጽር ጥልቀት ያለው ምስል ከሚያሳየው ከ3ዲኤስ ነው። የወጣለት ያ ጥልቀት ያለው ምስል፣ ማጠፊያውና አንዱ ድምፅ ማጉያ ነው። አሁን ለማን እንደተሠራ ልብ እንበል። ኔንቴንዶ ራሱ ዕድሜያቸው 6 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ባለ ጥልቀቱን ምስል እንዳያዩ ያስጠነቅቅ ነበር። ማጠፊያ ደግሞ በልጅ እጅ መጀመሪያ የሚሰበር ነገር ነው። የ3ዲኤስ ጌሞች በሙሉ በ2ዲኤስ ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ይሠራሉ፤ ሚሞሪውም ከየትም የሚገዛ ኤስዲ ካርድ ነው። በዚያው ቀን አዲሶቹ ሁለት የፖኬሞን ጌሞችም ወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ያለፈ ርካሽ ዕቃ ይኸው ነው፤ ለትንሽ ልጅ የሚገዛ ወላጅ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ሙሉውን የሚገዛበት ምክንያት አልነበረውም።

ዊ ከተባለው ኮንሶል ተቀንሶ የተሠራው ዊ ሚኒ ደግሞ ለሦስቱ ጥያቄዎች ከባዱ ፈተና ነው። ኔንቴንዶ በታኅሣሥ 2012 መጀመሪያ በካናዳ ብቻ በ99.99 ዶላር አወጣው፤ በ2013 ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ደረሰ። ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ቀይ ነው። ሲዲው በሞተር ተስቦ የሚገባ ሳይሆን ክዳኑ በእጅ ተከፍቶ የሚቀመጥ ነው። ኢንተርኔት ጨርሶ የለውም፤ በዋይፋይም በገመድም አይገናኝም። የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ የቀድሞውን ኮንሶል የጌምኪዩብን ጌሞችም አያጫውትም። ሙሉው ዊ በተሻለ ገመድ ጥርት ያለ ምስል ማውጣት ሲችል ሚኒው ምስሉን የሚያወጣው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው በተራው የኤቪ ገመድ ብቻ ነው።

በወቅቱ ብዙ ተቺዎች አጣጣሉት፤ ትክክልም ነበሩ። በአሜሪካ የሙሉው ዊ ዋጋ በ2012 ጥቅምት ላይ ከነጌሞቹ 129.99 ዶላር ደርሶ ነበር። በ30 ዶላር ልዩነት ይህን ሁሉ ማጣት የሚያዋጣ አልነበረም። ጊዜ ሲያልፍ ግን ሚዛኑ ተቀየረ። ኔንቴንዶ የዊ የኢንተርኔት ጨዋታ አገልግሎትን በግንቦት 2014 ዘጋ፤ የዊ ኢንተርኔት ሱቅንም በጥር 2019 ዘጋው። ከሚኒው ላይ በፋብሪካ የተቀነሰው ዋና ነገር ከሙሉውም ላይ በሩቅ ተነሣ። ዛሬ "ማሪዮ ካርት" ሲዲ ገብቶ አራት ልጆች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ የሁለቱ ዊዎች ልዩነት ከምስሉ ጥራት በቀር ብዙም አይታይም። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፦ ሲዲው የተተወለት ኮንሶል ኢንተርኔት ባይኖረውም ይኖራል። ኢንተርኔት ብቻ ተትቶለት ሲዲው የወጣበት ግን ዕድሜው በሌላ ሰው እጅ ነው።

በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበት የሶኒ ፒኤስፒ ስትሪት በአንጻሩ መጨረሻ ላይ ወጥቶም የተሳሳተውን ነገር የቀነሰ ዕቃ ነው። በ2011 በአውሮፓ በ99.99 ዩሮ ሲወጣ ዋይፋዩ ተነሥቶ ነበር። በፒኤስፒ ላይ ዋይፋይ ለኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርስ የሚጋጠሙትም በእሱ ነው። ዋይፋዩ ሲወጣ የተነሣው ትርፍ ሳይሆን የጨዋታው ግማሽ ነው፤ በኋላም ከየትም ተገዝቶ አይገጠምም።

ስዊች ላይት፦ ለአንድ ሰው የተሠራ

በመስከረም 2019 በ199.99 ዶላር የወጣው የኔንቴንዶ ስዊች ላይት ከመደበኛው ስዊች በ100 ዶላር ይረክስ ነበር፤ በ2025 ወደ 229.99 ዶላር ከፍ ብሏል። ቴሌቪዥን ላይ አይሰካም፤ ጆይስቲኮቹ አይነቀሉም። በምትኩ ቀላል ነው፤ 275 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው። የካርድ ማስገቢያው አልተነካም፤ ሚሞሪውም በተራ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይጨመራል። የስዊች ካርዶች በአገር ስለማይከፋፈሉ ከሎንዶን የተገዛው አዲስ አበባ ላይ ይሠራል።

ስለዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይት በደንብ ያልፋል። የሚወድቀው ቤቱ ሲሞላ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የማይወጣ ኮንሶል የአንድ ልጅ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ባሉበት፣ የጎረቤት ልጅ ገብቶ በሚወጣበት ቤት አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ ትከሻው ላይ ተደግፈው ማየት ነው ዕጣቸው። ጠብ መግዛት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ችግር ጥገና ነው። የስዊች ጆይስቲኮች ሳይነኩ በራሳቸው የመንሸራተት ችግር በዓለም ሁሉ ያስነሣው ቅሬታ የታወቀ ነው። በመደበኛው ላይ ጆይስቲኩን ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል፤ በላይት ላይ ግን ኮንሶሉ ራሱ መከፈት አለበት። ብዙ ለሚጓዝ አንድ ሰው ወይም የራሱ ክፍል ላለው ተማሪ ላይት ጥሩ ግዢ ነው። ለቤተሰብ ግን መደበኛው ይሻላል።

ሲሪስ ኤስ፦ ኃይሉ የቀነሰው

በኅዳር 2020 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስን በ499.99፣ ሲሪስ ኤስን በ299.99 ዶላር አወጣ። የኤስ ግራፊክስ ጉልበት ከኤክሱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ጌሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሚሞሪም ከ16 ጊጋባይት ወደ 10 ወርዷል፤ የሲዲ ማስገቢያም የለውም። ጌም መጫኛው 512 ጊጋባይት ይባል እንጂ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 364 ገደማ ነው። አንዳንድ ጌም ብቻውን 100 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ በሚይዝበት ዘመን ይህ ሦስት አራት ትልልቅ ጌም ነው።

ኃይሉ መቀነሱ ብቻውን መጥፎ አይደለም። ኤችዲ ቴሌቪዥን ላለው ሰው ለ4ኬ መክፈል ትርጉም የለውም፤ የእግር ኳስ ጌም ለሚጫወትም ልዩነቱ በጨዋታው መካከል እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን የተቀነሰ ዕቃ መሆኑ ዞሮ መጣ። በ2023 "ባልደርስ ጌት 3" የተባለው ታላቅ ጌም በሌሎች ላይ ወጥቶ በኤክስቦክስ ላይ የዘገየው ሁለት ሰው ስክሪን ተካፍሎ የሚጫወትበትን ክፍል በሲሪስ ኤስ ላይ ማስኬድ አስቸግሮ ነው። በመጨረሻ ማይክሮሶፍት ያ ክፍል ከኤስ ላይ እንዲቀር ፈቅዶ በታኅሣሥ ወጣ። ገዢው ያገኘው ቅናሽ በሦስተኛው ዓመት ተቆረጠበት።

ተጨማሪ መጫኛም ሲያስፈልግ የአዲሶቹን ጌሞች የሚያስኬደው ለእሱ ተብሎ የተሠራው ካርድ ብቻ ነው። ሲወጣ የ1 ቴራባይቱ ካርድ 219.99 ዶላር ነበር። የኤክስቦክስ 360 ኮር ትምህርት ከ15 ዓመት በኋላ ሳይለወጥ ተደገመ።

የሲሪስ ኤስ ዋና መከራከሪያ ጌም ፓስ ነበር፤ በየወሩ ተከፍሎ ብዙ ጌሞች የሚወርዱበት አገልግሎት። ኮንሶሉ ሲወጣ አልቲሜት የሚባለው ደረጃ በወር 14.99 ዶላር ነበርና አዋጭነቱ አያከራክርም ነበር። በጥቅምት 2025 ግን ወርሃዊው ክፍያ 29.99 ዶላር ሆነ። ከሱ ያነሱ ደረጃዎች ቢኖሩም በዚህኛው ደረጃ በዚያ ዋጋ የአንድ ዓመት ክፍያ 359.88 ዶላር ይሆን ነበር፤ ኮንሶሉ ራሱ መጀመሪያ ከተሸጠበት ዋጋ በላይ ማለት ነው። ኮንሶሉም አልቆመም፤ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጨምሮ 399.99 ዶላር ደረሰ። በ299 ዶላር ሊታለፍ የሚችለው ጉድለት በ399 ዶላር ሊታለፍ አይገባም።

ሲዲ ያልተተወላቸው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። በግንቦት 2019 ሲዲ የማይወስድ ኤክስቦክስ ዋን ኤስ በ249.99 ዶላር ወጣ፤ ከሲዲ ባለው በ50 ዶላር ያነሰ ነበር። በ2020 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 5ን ያለ ሲዲ በ399.99፣ ከሲዲ ጋር በ499.99 ዶላር አቀረበ። ከኃይል አንጻር ሁለቱ ፕሌይስቴሽኖች አንድ ናቸው፤ የተነሣው ሲዲ ማስገቢያው ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሲዲ ማስገቢያ ማለት ከሶኒ ሌላ ማንም ሻጭ ወደ ቤትህ የሚገባበት በር ነው። ሲዲ ያለው ሰው ያገለገለ ይገዛል፣ ከጓደኛው ይዋሳል፣ ተጫውቶ የሰለቸውን ይሸጣል፤ ዋጋ ያወዳድራል። ሲዲ የሌለው ከአንድ ሱቅ ብቻ፣ በዚያ ሱቅ ዋጋ ይገዛል፤ የገዛውንም መልሶ አይሸጥም። አዲስ ጌም ብዙ ጊዜ 70 ዶላር ገደማ በሚሸጥበት ገበያ የ100 ዶላሩ ቅናሽ በጥቂት ጌሞች ውስጥ ያልቃል።

በ2023 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 አንድ መልካም ነገር አመጣ፤ ሲዲ ማስገቢያው በኋላ ለብቻው በ79.99 ዶላር ተገዝቶ ሊገጠም ይችላል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ስህተቱን ማረም የሚቻል አድርጎታል። ሒሳቡ ግን አሁንም ለሙሉው ያደላል። በነሐሴ 2025 ከተደረገው ጭማሪ በኋላ በአሜሪካ ሲዲ የሌለው 499.99፣ ያለው 549.99 ዶላር ሆኖ ነበር። በ50 ዶላር ያመለጠህን በ80 ትገዛው ነበር ማለት ነው። ማስገቢያው ሲገጠምም መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ መመዝገብ ይጠይቃል።

ስለ ሱቆቹ ዕድሜም ከታሪክ የምናውቀው አለ። የዊ ሱቅ ተዘግቷል። የ3ዲኤስ ሱቅ በመጋቢት 2023፣ የኤክስቦክስ 360 ሱቅ በሐምሌ 2024 ግዢ አቁመዋል። ሶኒ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3ን ሱቅ ሊዘጋ አስታውቆ ከተጫዋቾች ተቃውሞ በኋላ ነው ሐሳቡን የለወጠው። የእነዚህ ኮንሶሎች ሲዲዎችና ካርዶች ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

በአንድ ነገር ሚዛናዊ መሆን ይገባል፤ ሲዲም የቀድሞው ሲዲ አይደለም። ብዙ ጌም ሲዲው ገብቶም ተጨማሪ ብዙ ጊጋባይት ያወርዳል። በ2025 የወጣው ስዊች 2 ላይ አንዳንድ ካርዶች ጌሙን ሳይሆን የማውረጃውን ቁልፍ ብቻ ነው የሚይዙት። ያም ሆኖ ቁልፍ ብቻ ያለበት ካርድ እንኳ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ አካውንት ላይ የተገዛ ጌም አይሸጥም።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባው ኮንሶል

ይህ ልዩነት ከየትም ይልቅ የሚከብደው አገር ቤት ነው። ፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ተጫዋች የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የኤምሬትስ አካውንት ይከፍታል፤ ከዚያም የዚያው አገር የስጦታ ካርድ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ካርድ የኤምሬትስ አካውንት ላይ አይሠራም። ካርዱን የሚልክለት ውጭ አገር ዘመድ ያለው ይችላል፤ የሌለው በደላላ፣ ከፍ ባለ ዋጋ ይገዛል። በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። በውጭ ገንዘብ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ላይ የተንጠለጠለ ኮንሶል ለዚህ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ግን አያያትም።

ኢንተርኔቱንም እናስላው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር ያለው ቤት፣ መስመሩ ሳይቆራረጥና ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት፣ 100 ጊጋባይት ጌም ለማውረድ 22 ሰዓት ያስፈልገዋል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ የሞባይል ዳታ ፓኬጅ ሲያልቅ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ያገለገለ ሲዲ ግን ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ ማታ ይጫወቱበታል።

የጌም ቤት ባለቤቶች ይህን ያለ ማንም ምክር ያውቁታል። በየሰፈሩ ሁለት ጆይስቲክ ይዘው ልጆችን በጨዋታ የሚያስከፍሉት ቤቶች ከፕሌይስቴሽን 2 እስከ 4 የዘለቁት በሲዲ ነው። ሶኒ ያመረተው ፕሌይስቴሽን 2 ለ13 ዓመታት ገበያ ላይ ቆይቷል፤ በ2004 የመጣው ቀጭኑ ሞዴል የሃርድ ዲስክ ቦታው ቢወጣለትም ማንም ጌም ቤት አላጣውም። ጌም ቤቱ የሚፈልገው ሲዲና ሁለት ጆይስቲክ ነበር። ዛሬም የእግር ኳስ ጌም ብቻ ለሚጫወት ሰው በ2016 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 4 ትልቅ ምርጫ ነው። ከመጀመሪያው ሞዴል ላይ የተቀነሰው የድምፅ ኦፕቲካል ሶኬቱ ነው፤ ሲዲው አለ፣ ሃርድ ዲስኩም በተራ ዕቃ ይቀየራል። በየዓመቱ መስከረም አዲሱ የኳስ ጌም ሲወጣ ያለፈውን ሲዲ ሽጦ የአዲሱን ዋጋ ማቃለልም ይቻላል።

ከውጭ ለሚያመጣ ሰው አንድ ምክር ልጨምር። ከአሜሪካ የሚመጣ አሮጌ ኮንሶል፣ በተለይ ዊ እና ኤክስቦክስ 360፣ ቻርጀሩ ለአሜሪካ መብራት ብቻ የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል። ቻርጀሩ ላይ በትንሽ ጽሑፍ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ያሻል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አያሳስብም። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5፣ ስዊችም በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም። ስታቢላይዘር መጨመር ግን ለሁሉም ይበጃል።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ በዶላር ወይም በዩሮ ደመወዝ የሚከፈለው፣ አሮጌ ሲዲ የሌለው ሰው ሲዲ የማይወስደውን ፕሌይስቴሽን 5 ቢገዛ አይጎዳም፤ ሐሳቡ ከተለወጠም ማስገቢያውን ይጨምራል። ሲሪስ ኤስን በአዲስ ዋጋው አልመክርም፤ ያገለገለ ሆኖ በመጀመሪያው ዋጋ ግማሽ ከተገኘና ገዢው ለጌም ፓስ መክፈሉን ካላቋረጠ ይሆናል። ለብቻው ለሚጫወት ስዊች ላይት፣ ለቤተሰብ መደበኛው ስዊች። ለትናንሽ ልጆች ያገለገለ 2ዲኤስ ወይም ዊ፣ ሚኒውም ቢሆን፣ ከነጥቂት ሲዲዎቹና ካርዶቹ ዛሬም ጥሩ ስጦታ ነው፤ ሚኒውን የሚገዛ ግን ቴሌቪዥኑ የኤቪ ሶኬት እንዳለው አስቀድሞ ይመልከት። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጫወት ማንኛውም ሰው ደግሞ ምክሬ አንድ ነው፦ ሲዲ የሚወስደውን ግዙ። አዲሱ ካልተቻለ አሮጌውን ትውልድ ከነሲዲው መግዛት አዲሱን ትውልድ ያለ ሲዲ ከመግዛት ይሻላል።

የምስል ጥራት፣ ፍጥነት፣ ቅርፅ፣ ቀለም፣ እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ ገዢው ዛሬ አይቶ ሊቀበለው የሚችለው ጉድለት ነው፤ ነገም አይጨምርበትም። ከማን እንደሚገዛ የመምረጥ መብቱ ሲቀነስ ግን ጉድለቱ በየጌሙ፣ በየወሩና በየምንዛሪ ለውጡ እያደገ ይሄዳል። ገንዘቡ ያነሰው ሰው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ያገለገለውን የመግዛት፣ የመዋስና የመሸጥ ነፃነት ነው። አምራቾች ለእሱ አስበን ሠራን የሚሉትን ኮንሶል ሲያቀርቡ መጀመሪያ የሚያነሱት ይህንኑ ነፃነት ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ዕቃው ለእሱ የተሠራ አይደለም፤ ጥቂት ብር ጨምሮ፣ ወይም ጥቂት ወር ታግሶ፣ በሩ ያልተዘጋበትን ይግዛ።